የጋሽ ዘለቀ ሰፌድ

የጋሽ ዘለቀ ልጅ ሕይወት ስትደውል ባስ እያጠብኩ ነበር። ሥራዬ ነው። የከተማው ባሶች ሲገቡ ውስጣቸውን እጠርጋለሁ፣ ውጫቸውን በውሃ እመታለሁ። ጓንቴን አውልቄ ስልኩን አነሳሁት።

«ጋሽ ታደለ፣ አባዬ ጠዋት አረፈ» አለችኝ። «ቤዝመንቱን እስከ ወሩ መጨረሻ ክሊር ማድረግ አለብኝ። ያንን ማሽን መጥተህ ፒክአፕ ታደርገዋለህ ወይስ ልጣለው?»

ጨካኝ ናት የሚል ይኖራል። አይደለችም። ሁለት ሥራ የምትሠራ ሴት ለሐዘን የምታገኘው ጊዜ ያችው ናት።

«አትጣዪው። እመጣለሁ» አልኳት። ጓንቴን መልሼ አጥልቄ የጀመርኩትን ባስ ጨረስኩ። ማልቀስ አልመጣልኝም።

ለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ «ደግ ሰው ነበሩ» ሲል ሰማሁ። እኔ ደግ ሰው አልወድም። ደግ የሚባል ሰው ብዙ ጊዜ ከኋላው የሚጠይቅህ ነገር አለው። ጋሽ ዘለቀን የማልረሳቸው ደግ ስለነበሩ አይደለም። አንድ ቀን ደብዳቤ አንብብልኝ ብለው ሰጡኝ። ማንበብ አልችልም ነበር። አነበብኩላቸው። ደብዳቤው ስለ ጤናቸው ነበር፣ እኔ ግን ሌላ ነገር ነው ብዬ ነገርኳቸው። እንግዲህ ዋናውን ነገር ከመጀመሪያው አውጥቼዋለሁ። የቀረውን ማንበብና አለማንበብ የእናንተ ፈንታ ነው።

ይኼን የምጽፈው በራሴ እጅ ነው። ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ስድስት ዓመቴ ነው። ያስቆጠሩኝም እሳቸው ናቸው።

የምንኖረው ዌስተን በሚባል ሰፈር፣ ባቡሩ በጓሮ በኩል የሚያልፍበት አሮጌ ቤት ውስጥ ነበር። እሳቸው ቤዝመንቱን ተከራይተዋል፣ እኔ ከእሳቸው በላይ ያለችውን አንድ ክፍል። በገባሁ በሳምንቱ ከወለሉ ሥር ድምፅ መምጣት ጀመረ። ሽሽሽ የሚል፣ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ የመሰለ ድምፅ። አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት፣ ሦስት ሰዓት አያቋርጥም። ከሥራ ገብቼ ጋደም ማለት አልቻልኩም። አራተኛው ቀን ላይ ወረድኩና በሩን በቡጢ መታሁት።

የከፈቱልኝ ሰውዬ ሰባን ያለፉ፣ ቀጫጫ፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገት ድረስ የቆለፉ ነበሩ።

«ሐበሻ ነህ?» አሉኝ።

«ድምፁ ነው ያመጣኝ፣ ሐበሻነቴ አይደለም።»

«እንግዲያው ግባና ድምፁን እየው።»

ጠረጴዛቸው ላይ ጎድጓዳ ሳህን የመሰለ ማሽን ይንቀጠቀጣል። ክዳኑን ሲያነሱት ውስጡ ደቆ የተፈጨ የበቆሎ ቆረቆንዳ ሞልቷል፣ በቆረቆንዳው መሐል ባዶ የጥይት ቀለሃዎች እየተሽከረከሩ ብቅ ጥልቅ ይላሉ። አንዱን አውጥተው መዳፌ ላይ አስቀመጡት። ሞቃት ነበር። ከዚያ ሌላ፣ ገና ያልጸዳ፣ ጥላሸት የጠጣ ቀለሃ ከጎኑ አኖሩ።

«የቱን ትመርጣለህ?» አሉኝ።

«ምን ሊገድሉበት ነው?»

«ወረቀት» አሉ። «ከአገሬ ከወጣሁ ጀምሮ የገደልኩት ወረቀት ብቻ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥይት ሲተኮስ አረሩ ይሄዳል፣ የነሐሱ ቀለሃ ባዶውን ይወድቃል። ጋሽ ዘለቀ ከከተማ ውጭ ያለ የተኳሾች ክለብ አባል ነበሩ፣ ፈቃድ አላቸው፣ ጠመንጃቸው በቁልፍ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ወረቀት ዒላማ ላይ ሃያ፣ ቢበዛ አርባ ጥይት ይተኩሳሉ። ከዚያ የወደቀውን ቀለሃ ለቅመው ያጸዱትና ባሩድና አረር ሞልተው እንደገና ይጠቀሙበታል። እኔ ፈቃድ የለኝም። ባሩድ የሚባል ነገር ነክቼም አላውቅ። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ቀለሃ መልቀምና ማጽዳት የእኔ ሥራ ሆነ። እንዴት እንደሆነ አትጠይቁኝ። ልጮህባቸው ወርጄ ነበር፣ ረዳታቸው ሆኜ ወጣሁ።

ጋሽ ዘለቀ የሚያምኑት ሃይማኖት ሁለት ነው። አንደኛው የሁላችንም ነው። ሁለተኛው ቀለሃ በምን መጽዳት አለበት የሚለው ነው።

«ዋልነት ይፍቃል፣ በቆሎ ያብሳል» ይሉ ነበር። ዋልነት የሚሉት የፈረንጅ ለውዝ ቅርፊቱ ተፈጭቶ በከረጢት ይሸጣል፤ ጥላሸቱን ቶሎ ያነሳል፣ ግን ቀይ ዱቄት አንገቱ ላይ ይተዋል። ሩዝ የሚጠቀም ሰው ክለቡ ውስጥ ነበር። ጋሽ ዘለቀ ሰውዬውን እንደ መናፍቅ ነበር የሚያዩት፤ የሩዙ ስባሪ የቀለሃው ቂጥ ላይ ያለችው ቀዳዳ ውስጥ ይሰነቀራል። በቆሎ ግን ቀስ ይላል፣ አይጎዳም። ሦስት ሰዓት ይፈጃል። እኔ እንዲያብረቀርቅልኝ ሰዓት ስጨምርበት ማሽኑን ያጠፉብኛል። «ማብረቅረቅ ለሙሽራ ነው። ቀለሃ ከጸዳ ይበቃዋል።»

ሁለት ቀለሃ በሁለት ጣት ይዘው ጆሯቸው አጠገብ ያጋጩ ነበር። ደኅናው ቃጭል ይመስላል። የተሰነጠቀው ድምፁ የሞተ ነው። ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚያዳምጡት። ያ የጭፈና ነገር ሁልጊዜ ያሳቅቀኝ ነበር። የሚያዳምጡት ቀለሃውን ብቻ አይመስልም።

ቀለሃውን ከቆሎው መለየት ደግሞ ሌላ ሥራ ነው። ቆሎ ያልኩት የበቆሎውን ፍጭ ነው፣ እኛ እንደዚያ ነበር የምንጠራው። ክለቡ ያሉት ፈረንጆች እጀታ ያለው የፕላስቲክ ቅርጫት ያዞራሉ። ጋሽ ዘለቀ ሰፌድ ነበራቸው። ጠርዙ በቀይ ጨርቅ የተለበጠ፣ ሕይወት ለግድግዳ ጌጥ ብላ ያመጣችላቸው ሰፌድ። ከግድግዳ አውርደው ሥራ አስገቡት። ከማሽኑ ይገለብጡበትና ያንገዋልሉታል። ቆሎው ወደ ከንፈሩ ይሄዳል፣ ነሐሱ መሐል ይሰበሰባል። ከዚያ ጎንበስ ብለው እፍ ይሉበታል። ከትንሿ መስኮት በምትገባው ብርሃን ውስጥ አመድማ አቧራ ቆሞ ይታያል። ከንፈራቸው አመድ ይመስላል።

«እናቴ ናት ያስተማረችኝ» ይሉ ነበር። «ሴት ልጅ አልነበራትም።»

እኔንም አስተማሩኝ። ስንስማማ ተራ በተራ እናንገዋልላለን፣ ተራ በተራ እፍ እንላለን። ከኛ ሌላ የጥይት ቀለሃ በሰፌድ የሚያንገዋልል ሰው በዚህ ከተማ ያለ አይመስለኝም።

የኑጉን ነገር ካልነገርኳችሁ እሳቸውን አልነገርኳችሁም። እዚህ አገር ኑግ ለወፍ ምግብ ብለው በከረጢት ይሸጣሉ። አየሁት፣ ደቃቅ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ከቆረቆንዳም ርካሽ ነው። ላስገርማቸው ብዬ እሳቸው ሐኪም ቤት በሄዱበት ማሽኑን ሞልቼ ለቀቅኩት። ሲመለሱ ከደጅ ጀምሮ ኑግ ኑግ ይሸታል። ክዳኑን ከፈቱ። ኑጉ ዘይቱን ተፍቷል፣ ቀለሃዎቹ ጥቁር ሊጥ ውስጥ ተቀብረዋል። ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ታደለ።»

«አቤት።»

«ቀለሃ ይጾማል ያለህ ማነው?»

ሰልካካ ፊታቸው ላይ አንዲት ጡንቻ አልተንቀሳቀሰችም። ለአንድ ሳምንት ያህል በሳሙናና በጨርቅ አንድ በአንድ አስጠረጉኝ። ከመካከላቸው አንዱን እንዳይጠረግ ከለከሉና እንደ ጠቆረ መስኮቱ ላይ አቆሙት። እንግዳ ሲመጣ «ይኼ ጿሚው ነው» ይሉ ነበር።

ውሃ የሚባል ነገር ግን እንዳይነሳባቸው። እነዚያን በሳሙና ያጠብኳቸውን የኑግ ቀለሃዎች አንዱንም ለመተኮስ አላዋሉትም፤ በቆርቆሮ ዕቃ አድርገው ለብቻ አስቀመጧቸው። ክለቡ ውስጥ አንድ ሰው በውሃ ነበር የሚያጸዳው። ትንሽ በርሜል ውስጥ ቀለሃውን፣ ውሃ፣ ሳሙናና እንደ ስንደዶ የቀጠኑ የብረት መርፌዎች ጨምሮ ያሽከረክረዋል። ቀለሃው ውስጡ ሳይቀር ከፋብሪካ እንደወጣ ይሆናል፣ አቧራ የለውም። አየሁና ቀናሁ።

«እኛስ ለምን በውሃ አናደርገውም?» አልኳቸው።

እጃቸው ሰፌዱ ላይ ቆመ።

ወታደር እንደነበሩ አውቃለሁ፣ የመሣሪያ ጠጋኝ። ስለ ጦርነቱ ያወሩኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ዝናብ ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ የጥይት ሳጥኖቹ ጭቃ ገባባቸው። ለቀትር ይድረስ ተባሉ። ጋሽ ዘለቀ ጥይቱን በውሃ አጠቡት፣ በጨርቅ አበሱት፣ ፀሐይ ግን አልነበረም። አደሉት።

«ሃምሳ አለቃ ፈለቀ ከአጠገቤ ነበር የተኛው» አሉኝ። «ምላጩን ሳበ። ቀጭ አለ። አውጥቶ ሌላ አጎረሰ። ቀጭ። ሦስተኛውን ሲያጎርስ ዞር ብሎ አየኝ። አልተቆጣም፣ ቢቆጣ ጥሩ ነበር። “ዘለቀ፣ አጥበኸዋል እንዴ?” አለኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እኔ ይኸው እዚህ ነኝ።»

ሰፌዱን መልሰው ማንገዋለል ጀመሩ። «ጠመንጃ ሲጮህ አያስፈራም ልጄ። ሲከሽፍ ነው።»

ሁለተኛ ስለ ውሃ አላነሳሁም።

ደብዳቤው የመጣው መነጽራቸው ላይ የተቀመጡበት ሳምንት ነው። አንዱ መስታወት ዱቄት ሆኗል፣ አዲሱ ገና አልደረሰም። ፖስታውን ቀደው ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አቀረቡት፣ አራቁት፣ ከዚያ ለእኔ ሰጡኝ።

«ከክለቡ ነው። ምን ይላል እስቲ?»

ስምንተኛ ክፍል ጨርሻለሁ ብዬአቸው ነበር። ለማን አላልኩም። መርካቶ ስሸከም ያደግሁት ጆንያ ላይ ያለውን ሥዕል እያየሁ ነው። እዚህ እህቴ ስፖንሰር አድርጋኝ ስመጣም የባስ ቁጥርና የምልክት ቀለም እየሸመደድኩ ኖርኩ። ማንበብ የማይችል ሰው ሰነፍ ይመስላችኋል። ከሚያነበው ሁለት እጥፍ ነው የሚሠራው። ሰው ወረቀት ሲያነብ ዓይኑ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ አጥንቻለሁ። ያን ያህል አመላለስኩት። መሐል ላይ በቀይ የተሰመረ መስመር ነበር።

«የስብሰባ ጥሪ ነው» አልኩ።

«መቼ?»

«ቅዳሜ። አራት ሰዓት።»

«ቀይ የተሰመረበትስ?»

«ሰዓት አክብሩ ነው የሚለው።»

«ፈረንጅና ሰዓት» አሉና ደብዳቤውን አጥፈው የቀለሃ መዝገባቸው ውስጥ ከተቱት።

ቅዳሜ ሱፍ ለብሰው ወጡ። ክራቫት አስረዋል፣ ጫማቸውን ወልውለዋል። ለመተኮስ ሲሄዱ እንዲህ አይለብሱም፣ ስብሰባ ስለሆነ ነው። ወደ ክለቡ ባቡርና ሁለት ባስ፣ ለመሄድ ብቻ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ከመስኮቴ ሆኜ አየኋቸው። እነዚያን ቀጫጫ ትከሻዎች፣ ያንን የተቀጠፈ የሚመስል አንገት አየሁና መስኮቱን ከፍቼ መጥራት እችል ነበር። ጋሽ ዘለቀ፣ ይመለሱ፣ ስብሰባ የለም፣ ማንበብ አልችልም። ስድስት ሰባት ቃል ነው። አልጠራሁም።

ማታ ሊሆን ሲል ተመለሱ። የመጣው ይምጣ ብዬ ወረድኩ። ክራቫቱን እየፈቱ ነበር።

«ስብሰባው እንዴት ነበር?» አልኳቸው። ይኼን ለመጠየቅ ምን ዓይነት ፊት እንደሚያስፈልግ እናንተ ገምቱ።

ቀና ብለው አዩኝ። ረጅም አላዩኝም።

«ሰርዘውታል» አሉ።

ያን ቀን እንቅልፍ የወሰደኝ ደስ ብሎኝ ነው። እውነቱን ነው የምጽፈው። ዳንኩ ብዬ ነው የተኛሁት።

አዲሱ መነጽር መጣ። በሳምንቱ መዝገቡን ከፍተው እስክሪብቶ ዘረጉልኝ። መዝገቡ እያንዳንዱ ዙር የሚጻፍበት ነው፤ ስንት ቀለሃ፣ በምን ጸዳ፣ ስንት ሰዓት።

«እጄ ይንቀጠቀጥብኛል። አንተ ጻፍልኝ።»

«መነጽሬን አልያዝኩም» አልኩ።

«አንተ መነጽር የለህም።»

ወንበሩን በእግራቸው ገፋ አደረጉልኝ።

«ና ተቀመጥ። ስምንተኛ ክፍል ብዙ ነገር ያስረሳል።»

እንዲያ ነው የጀመርኩት። መጀመሪያ የጻፍኩት ቃል ቀለሃ ነው። ከዚያ በቆሎ። ከዚያ ሦስት ሰዓት። የድሮዎቹን ገጾች እያስነበቡኝ፣ ጣቴን ይዘው ከፊደል ፊደል እያሻገሩ። አንድ ጠባይ ነበራቸው። በየዙሩ መጨረሻ እሳቸው ራሳቸው የሚጽፏት አጭር መስመር አለች። ስናነብ እዚያች መስመር ላይ ስንደርስ አውራ ጣታቸውን ያሳርፉባታል።

«ይቺስ?»

«ይቺ የኔ ናት። ወደሚቀጥለው እለፍ።»

የሰው ምስጢር ነው ብዬ አለፍኩ። ሠላሳ ጊዜ አለፍኩ። መዝገቡ ደግሞ ከእጃቸው አይወጣም፣ ጥናታችን ሲያልቅ ከጠመንጃው ጋር ይቆለፋል።

በዚያው ሰሞን ሰፌዱን ከለከሉኝ። ማሽኑ ሲቆም፣ ክዳኑ ሊከፈት ሲል፣ በአገጫቸው በሩን ያሳዩኛል።

«ሂድ ባቡር ቁጠር።»

«እኔ ላንገዋልል እንጂ፣ እርስዎ ይረፉ።»

«ሂድ አልኩህ። ስትጨርስ ስንት እንዳለፈ ትነግረኛለህ።»

ጓሮ ቆሜ ባቡር እቆጥራለሁ። በበረዶም ቆጥሬያለሁ። በትንሿ መስኮት በኩል አያቸዋለሁ፤ አፋቸው ላይ ጨርቅ አስረው፣ ጎንበስ ብለው፣ ሰፌዱ ይዞራል። ጨርቁን ስጠይቃቸው ጉንፋን ነው ይላሉ። ጉንፋን ለዓመት? ገባኝ ብዬ ደመደምኩ። ማንበብ እንደማልችል ካወቁ በኋላ ናቁኝ፣ ዕቃቸውን አያምኑኝም ብዬ ደመደምኩ። መሐይም ሰው ንቀት ካልተሰጠውም ፈልጎ ያገኛል። ሦስት ሳምንት ሳልወርድ ቀረሁ። አንድ ቀን ደረጃው ላይ ተገናኘን።

«ኩርፊያህ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» አሉኝ። «በቆሎው ሦስት ነው።»

ወረድኩ። ጠረጴዛው ሥር ያልተከፈተ ካርቶን አየሁ። ምንድን ነው ስላቸው «የማልጠቀምበት ነገር» አሉ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሦስት ዓመት ሄደ። እኔ ከእሳቸው አልፌ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ማታ ማታ የሚሰጠውን የአዋቂዎች እንግሊዝኛ ጀመርኩ። እሳቸው ደግሞ እየቀነሱ ሄዱ። ሆዳቸውን ይቆርጣቸዋል። እጃቸው ሰፌዱ ላይ ብቻ ሳይሆን ማንኪያ ላይም ይንቀጠቀጣል። ሁለት ቀለሃ አጋጭተው ያዳምጡና የትኛው እንደሞተ ይጠፋባቸዋል። አንድ ጊዜ «ፈለቀ፣ ያንን አቀብለኝ» አሉኝ። አቀበልኳቸው። አላረምኳቸውም።

ሕይወት ሐኪሞቹ ኩላሊት ነው እንዳሉ ነገረችኝ። ኩላሊቱን ምን እንዳደረገው አላውቅም። ዕድሜም ሊሆን ይችላል። እኔ ባስ አጣቢ ነኝ።

ተኝተውበት በነበረው ሆስፒታል ለመጨረሻ ጊዜ የጠየቅኋቸው ቀን ነቅተው ነበር።

«ማሽኑን አጠፋኸው?» አሉኝ።

«ከጠፋ ወር ሆነው።»

«ይሰማኛል እኮ።»

ወንበሩን አስጠጋሁ። ከዚያ በፊት መቶ ጊዜ አስቤው ነበር። «ጋሽ ዘለቀ፣ ያ ደብዳቤ» አልኩ። «ያን ጊዜ መነጽርዎ የተሰበረ ጊዜ የመጣው—»

«የስብሰባው?»

«አዎ። እሱ—»

«ተሰርዟል አልኩህ እኮ» አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቀለሃ ሲያዳምጡ እንደሚጨፍኑት ነው የጨፈኑት።

በአራተኛው ቀን ሕይወት ደወለች።

ቤዝመንቱ ስገባ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። ጠመንጃውንና ባሩዱን የክለቡ ሰው በሕጉ መሠረት ተረክቦ ሄዷል። የቀረው ማሽኑ፣ ሰፌዱ፣ ካርቶኑ፣ መዝገቡ፣ መስኮቱ ላይ የቆመው ጿሚው ቀለሃ። ሕይወት ሳጥን እያሸገች ነበር።

«መዝገቡንም ውሰደው» አለችኝ። «ለታደለ ብሎኛል። እኔ የሱን ሃንድራይቲንግ ማንበብ አልችልም። አንተ ትችላለህ?»

«እችላለሁ» አልኳት።

ክፍሌ ወስጄ ስከፍተው ደብዳቤው ወደቀ። እንግሊዝኛ ገና በጣት ነው የማነበው፤ አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። ለአባላት በሙሉ ይላል። ቀለሃ በደረቅ የሚያጸዱ ሰዎች የሚነሳው አቧራ እርሳስ የሚባለው መርዛም ብረት እንዳለበት ይወቁ ይላል፤ ጥይቱን ከሚያቀጣጥለው ነገርና ከአረሩ የሚቀር ብናኝ ነው። ቤት ውስጥ አታጣሩ፣ አትተንፍሱት፣ ደማችሁን አስመርምሩ፣ ቢቻል በውሃና በብረት መርፌ አድርጉት። በቀይ የተሰመረበት ደግሞ «በአጠገባችሁ ሰው እንዳይኖር አድርጉ» ነው የሚለው።

ሰዓት አክብሩ ነበር ያልኳቸው።

ከዚያ መዝገቡን ከዚያ ቅዳሜ ገጽ ላይ ገለጥኩት። የእሳቸው ጽሑፍ ነው፣ ቀጥ ያለ፣ እንደ ተሰለፈ ወታደር።

«ስብሰባ የለም። ደብዳቤው ስለ አቧራው ነው፤ ክለቡ ውስጥ ነገሩኝ። ልጁ ማንበብ አይችልም ኖሯል። ስለ ደብዳቤው አላነሳበትም፣ ያፍራል። ፊደል ይጀምር።»

ቀጣዩ ገጽ ላይ አውራ ጣት የሚያርፍባት መስመር አለች። አርባ ቀለሃ፣ በቆሎ፣ ሦስት ሰዓት የሚለው የእኔ የተንጋደደ ጽሑፍ ነው። ሥሩ በእሳቸው እጅ «እሱ ውጭ» ይላል። ቀጣዩ፣ ሠላሳ ስድስት፣ በቆሎ። «እሱ ውጭ።» ቀጣዩ። «መርፌና በርሜሉን ገዛሁ። ከፈትኩት፣ ዘጋሁት። እሱ ውጭ።» ቀጣዩ። «እሱ ውጭ፣ ብርድ ነው፣ አሥራ አንድ ባቡር።» ሦስት ዓመት ሙሉ፣ እስከ መጨረሻው ገጽ። ገጹ ባለቀ ቁጥር መስመሯ ይበልጥ ትንቀጠቀጣለች፣ ቃሉ ግን አንድም ቦታ አልተዘለለም።

እሳቸው ራሳቸው በሳምንቱ ውስጥ ካወቁት አንተ ምን በደልክ የሚለኝ ይኖራል። ሕይወትም እንደዚያ አለችኝ። አይገባቸውም። ስለ አቧራው ከተነሳ ስለ ደብዳቤው ሊነሳ ነው። ስለ ደብዳቤው ከተነሳ እኔ ልዋረድ ነው። ስለዚህ ያችን ወሬ በመካከላችን ቀበሯት። ያን ቀን ማንበብ አልችልም ብያቸው ቢሆን ኖሮ እጣላቸው ነበር። ሰፌዱን ከእጃቸው እነጥቅ ነበር። ፈለቀ ሞቷል፣ እርስዎ አሉ፣ ውሃውን አምጡ እላቸው ነበር። ላይሰሙኝ ይችሉ ነበር፤ ግን ጠቡ ይኖረን ነበር። እኔ ጠብ አውቃለሁ፣ ከእሱ ሌላ የማውቀውም የለኝ። ያንን ነው የሰረቅኋቸው።

አሁን ከሥሬ ሌላ ተከራይ ገብቷል፣ ድምፅ የሌለው ተማሪ ነው። ከሥራ ገብቼ ጋደም ስል ግን ከወለሉ ሥር ሽሽሽ ይላል። ተነስቼ ቁም ሳጥኑን እከፍታለሁ። ማሽኑ እዚያው ነው፣ ገመዱ ተጠቅልሎ።

ባለፈው እሑድ ክዳኑን ከፈትኩት። ሆስፒታል ከመግባታቸው በፊት የጨመሩት ዙር ገና ቆሎው ውስጥ ነበር፤ ሃያ ሁለት ቀለሃ። ሰፌዱን አልነካሁትም። ጓሮ አወጣሁትና አቧራው እንዳይነሳ ቆሎውን በውሃ አርሼ በእጄ ለቀምኳቸው፣ ጓንት አድርጌ። ካርቶኑን ከፈትኩ። በርሜሉን ሞላሁት፣ ውሃ፣ ሳሙና፣ መርፌዎቹ። እነዚህን ማንም አይሞላቸውም፣ ማንም አይተኩሳቸውም። ውሃ ቢያዩ የሚከሽፍበት ሰው የለም። ድምፁ ሌላ ነው፣ ዝናብ አይመስልም። ጠጠር የሚጎትት ወንዝ ይመስላል። ሁለት ሰዓት አጠገቡ ቆምኩ። ስምንት ባቡር አለፈ።

ሲወጡ ውስጣቸው ሳይቀር ያበራል። ሁለት አንስቼ ጆሮዬ አጠገብ አጋጨሁ፣ ዓይኔን ጨፍኜ። ደኅና ናቸው።

መዝገቡን ከፈትኩ። ሃያ ሁለት ቀለሃ ብዬ ጻፍኩ። በውሃና በመርፌ። ሁለት ሰዓት። የመጨረሻዋ መስመር ጋ ደረስኩና ምን እንደሚጻፍባት ጠፋኝ። ከዚያ ባዶዋን መስመር በአውራ ጣቴ ሸፈንኳት።